የቦዩ ተረኛ

ጋሽ ጃዕፈር የሞቱት ሊመሰገኑበት በተሠራው መድረክ ጀርባ ነው። ሬሳቸው የተገኘው ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ለዓመታት ደለሉን ሲዝቁለት በኖሩት የጎርፍ ቦይ ጠርዝ ላይ ነበር። የሰፈሩ በዓል ለእሑድ ተቀጥሯል።

ኢንስፔክተር ጂቱ ስትደርስ የሰፈሩ ሰው ከቦዩ ማዶ ተደርድሮ ቆሟል። የሚጮህ የለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ወንዶቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያያሉ። ክረምት ሊገባ ሲል ያለው የአዳማ ሙቀት ሰው ያፈዝዛል፤ ይሄ ግን የሙቀት ፍዘት አልነበረም።

ጂቱ ከሻሸመኔ ተዛውራ ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሬሳ አይታ መደንገጥ ካቆመች ቆይታለች። መደንገጡ ሲሄድ የቀራት ማየት ብቻ ነው፤ ስለዚህ አየች።

ሽማግሌው በጀርባቸው ተዘርግተዋል። የራሳቸው የኋላ ክፍል የቦዩን ሲሚንቶ መትቷል። ከበላያቸው፣ ከሰው ቁመት እጅግ ከፍ ብሎ፣ የመድረኩ ጣውላ ጠርዝ ይታያል። ዓይኖቻቸው ተከድነዋል። እግሮቻቸው እኩል ገጥመው ተዘርግተዋል፤ እጆቻቸውም ከጎንና ከጎናቸው ናቸው።

አብሯት ለመጣው ለሳጅን ኤባ ነገሩ ግልጽ ነበር። «ባነሩን ሲያስሩ ወድቀው ነው» አላት።

«ባነሩ የታሰረው ከፊት ነው» አለች ጂቱ። «እሳቸው የወደቁት በኋላ በኩል ነው።»

በብረቱ መሰላል ወደ መድረኩ ወጣች። ባነሩ በሁለቱም በኩል ጠብቆ ታስሯል፤ በአማርኛና በኦሮምኛ በጎ ፈቃደኞችን ያመሰግናል። ከኋላው ጠርዝ አጠገብ ነጭ ቆብ ወድቋል። ከቆቡ ፈንጠር ብሎ ሻይ የሞላበት ብርጭቆ ተቀምጧል። ሻዩ ቀዝቅዞ ዝንብ ገብቶበታል።

ሰፈሩ ያለው ከኮረብታው ግርጌ ነው። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ በቦዩ ካልሄደ በቤቶቹ መካከል ይሄዳል። ለዚህም ክረምት በመጣ ቁጥር የሰፈሩ በጎ ፈቃደኞች በተራ ይወጣሉ፤ ሰማዩ ሲያጉረመርም ተረኛው ከቦዩ አፍ ላይ ካለው የብረት ፍርግርግ የተጠራቀመውን ፕላስቲክና የጫት ገራባ ያነሳል። ሥራውን የጀመሩትም የሚመሩትም ጋሽ ጃዕፈር ነበሩ። ከወሎ መጥተው አዳማ ላይ የከተሙ፣ ጉልበታቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት የጨረሱ ሰው ናቸው።

ከሦስት ክረምት በፊት ፍርግርጉ ተደፍኖ ጎርፉ ሰፈሩ ውስጥ ገባ። የነርሷን የልዩን አንድ ልጅ፣ አዶኒያስን ወሰደው። ሰባት ዓመቱ ነበር። ሰው ሁሉ ዝናቡ ከአቅም በላይ ሆኖ ነው ብሎ ተቀበለው። የዘንድሮው በዓል እንግዲህ ሰፈሩ ዘፈኑንና ምግቡን ሁሉ አውጥቶ የሚያሳይበት፣ ለቦዩ ጠባቂዎችም በአዶኒያስ ስም ሽልማት የሚሰጥበት ነበር።

ሬሳውን ያገኘው ባጫ ነው፤ ለመድረኩ የመብራት ገመድ የሚዘረጋ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት ፈቃደኛ። ገመድ ሊያመጣ ሄዶ ሲመለስ እንዳያቸው፣ ጮሆ ሰው እንደጠራ፣ በእጁም እንዳልነካቸው ተናገረ። ከዚያ በላይ ስትጠይቀው ገመዱን መጠቅለል ጀመረ።

ሲስተር ልዩ ከሁሉም የተሟላ ቃል ሰጠች። ከመንገዱ ማዶ ባለ ክሊኒክ ትሠራለች፤ የበዓሉን የመጀመሪያ እርዳታም የምትመራው እሷ ናት። ጩኸቱን ሰምታ መጥታ አንገታቸውን ዳስሳ ማለፋቸውን አረጋግጣለች። ከዚያ በቀር ማንም እንዳልነካቸው የተሰበሰበው ሰው ሁሉ መስክሯል።

«ቀትር ላይ መጥቼ ነበር» አለች፣ የበሽተኛ ካርድ እንደሚያነብ ሰው በእኩል ድምፅ። «ግፊታቸው ወርዶ አዞራቸው። ከፔርሙሴ ጣፋጭ ሻይ ሰጠኋቸው። አንዱን ብርጭቆ ጠጡ፤ ድጋሚ ቀዳሁላቸውና ሄድኩ። መሄድ አልነበረብኝም።»

ጂቱ አመሰገነቻትና አሰናበተቻት።

ባለሱቋ ሑስና ግን ሌላ ነገር ይዛ መጣች። እሷና ጋሽ ጃዕፈር ተኳርፈው ነበር፤ ቦዩ ላይ ያሠራችውን የቆርቆሮ ዳስ አስፈርሰውባታል። ይህን ሳትደብቅ ተናገረች። ቀጥላም ረቡዕ አመሻሽ ላይ ሟች ከመድረኩ ጀርባ ባጫን «አፍህን ዝጋ» ብለው ሲቆጡት፣ ልጁም ሲያለቅስ መስማቷን ነገረቻት። ባጫ ስለዚህ ሲጠየቅ መሬት መሬቱን አየ። ጣቢያው ልጁ እንዲታሰር ወሰነ። ጂቱ አልተቃወመችም፤ አላመነችበትምም። በማግስቱ ጠዋት የባጫ እናት ጣሪያ ላይ ድንጋይ ይወረወር ጀመር። የሚወረውሩት አብረውት ቦይ ሲጠርጉ የኖሩ ልጆች ነበሩ።

ዓርብ ጠዋት ጂቱ የበዓሉን ሰብሳቢ መምህር ጋሮምሳን አገኘችው። ሐሙስ ዕለት ዱከም ከአንድ ፋብሪካ ለበዓሉ የተሰጠ ቲሸርት ሲረከብ ውሏል፤ የሚኒባሱ ሹፌርም ይህንኑ አረጋግጧል። ጋሮምሳ ፊቱ ተጨማዷል፣ እንቅልፍ አልወሰደውም። ማክሰኞ ዕለት ከሟች ጋር ተጣልተው እንደነበር በራሱ ጊዜ ተናገረ። ስማቸውን ከተሸላሚዎቹ መካከል እንዲያወጣ፣ የሽልማቱንም ስም እንዲቀይር ጠይቀውት ነበር።

«ትሕትና መስሎኝ ነው የተቆጣሁት» አላት። «ምክንያታቸውን ብጠይቃቸው ‹በዚያ ልጅ ስም የሚሰጥ ነገር እኛ እጅ ላይ አያምርም› አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።»

የሬሳ ምርመራው ውጤት የደረሳት ከቀብሩ በፊት ነው። ሟች ጭንቅላታቸው ተመትቶ ወዲያው ሞተዋል። ሆዳቸው ባዶ ነበር፤ ምግብም መጠጥም አልተገኘበትም። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ተቀበሩ። ጂቱ ከቀብር መልስ ወደ ባለቤታቸው ወደ ወይዘሮ ዙለይካ ሄደች። ሴትየዋ ግድግዳ ተደግፈው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ለቀስተኛው ሲያለቅስ እሳቸው የጣታቸውን ጥፍር ያያሉ። ጂቱ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ሴቶቹ ነገሩ ገብቷቸው ወደ ግቢው ወጡ።

«እናቴ፣ ሐሙስ ዕለት ምን ቀምሰው ወጡ?»

«ሳይነጋ ነው የበላው» አሉ። «ሐሙስ ሐሙስ ይጾማል። ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ጾም ከታየ ምኑን ጾም ሆነ ይላል። ሻይ ሲሰጡት ተቀብሎ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። ሰው እንደጠጣ አድርጎ ይረሳዋል።»

ጂቱ ስለ ጎርፉ ቀን ጠየቀቻቸው። ባለቤታቸው ያን ዕለት አርሲ ነገሌ ወንድማቸውን ሊቀብሩ ሄደው እንደነበር ነገሯት። ተመልሰው የገቡት በማግስቱ፣ የአዶኒያስ አስከሬን ሊወጣ ሲል ነው። ከመኪና ወርደው ቤታቸው ሳይገቡ ሳጥኑን ተሸከሙ።

ቅዳሜ ጂቱ እንደገና ወደ ሑስና ሱቅ ሄደች። ሑስና ባጃጅ ከገጫት ወዲህ አንድ ጉልበቷ አይታጠፍም፤ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ ወንበር እስክታቀርብ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ጂቱ ረቡዕ የሰማችውን ከመጀመሪያው ጀምራ፣ አንድም ቃል ሳታስቀር እንድትነግራት ለመነቻት። ሑስና አሰበች። ልጁ መጀመሪያ «ከዚህ በላይ አልችልም፣ እነግራታለሁ» አለ። ሽማግሌው «እኔ እነግራታለሁ፤ አንተ አፍህን ዝጋ» ብለው መለሱለት።

«እነግራታለሁ ነው ያሉት?» አለች ጂቱ። «እነግረዋለሁ አይደለም?»

«እነግራታለሁ። ሴት ናት።»

ከዚያ ወደ ጣቢያ ተመለሰች። ባጫ የመጣለትን ምግብ አልነካም። «አካም ጂርታ?» ብላ በአፍ መፍቻው በኦሮምኛ ደህንነቱን ጠየቀችው። ደህና ለማለት «ፈያ» አለ፣ ከልማድ ብቻ። ጋሽ ጃዕፈር ሊነግሯት ያሰቡት ሴት ማን እንደሆነች ጠየቀችው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ተስፋ ቆርጣ ልትወጣ በሩ ላይ ስትደርስ ግን እሱ ጠየቃት።

«ሲስተር ልዩ ደህና ናት?»

ጂቱ መልሱን አገኘች።

እሑድ ሰው ምን ለብሶ እንደሚመጣ አልገባውም ነበር። አንዳንዱ በአገር ልብስ ላይ ጥቁር ሻርፕ ደርቦ፣ አንዳንዱ ዱከም የተሰጠውን ቲሸርት ለብሶ መድረኩ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከበሮዎቹ ማንም ሳይነካቸው ጥግ ላይ ተደርድረዋል። ጂቱ ጥቂት ሰዎችን ሜዳው ዳር ወዳለው የእድር አዳራሽ ጠራች። ወይዘሮ ዙለይካ፣ መምህር ጋሮምሳ፣ ሑስናና ሲስተር ልዩ መጡ። ሳጅን ኤባ ባጫን ከጣቢያ አምጥቶ በሩ አጠገብ አስቀመጠው። ማንም ሰላም አላለውም።

ጂቱ ቆማ ተናገረች።

«ጋሽ ጃዕፈር ባነር ሲያስሩ አልወደቁም። ባነሩ ከፊት ታስሮ አልቋል። እሳቸው ግን ጀርባቸውን ለቦዩ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ መድረኩ አዙረው ቆመው ነበር። ሰው እንዲህ የሚቆመው ከሌላ ሰው ጋር ሲነጋገር ነው።»

ሬሳው እንዴት እንደተገኘ አስታወሰቻቸው። ከዚያ ከፍታ የወደቀ ሰው እግሩን ገጥሞ፣ እጁን ከጎኑ አድርጎ፣ ዓይኑን ከድኖ አይተኛም። ባጫ አልነካቸውም፤ ከእሱ በኋላ የመጣውም ሰው ሁሉ ማንም እንዳልነካቸው አይቷል። እንግዲህ ከባጫ በፊት አንድ ሰው ሬሳው ዘንድ ወርዶ ነበር። ያ ሰው አልጮኸም፣ እርዳታም አልጠራም። የሙት ወግ አድርጎላቸው ሄደ።

«ይህን የሚያደርግ ጠላት አይደለም» አለች። «እጁ ሬሳ ማስተካከል የለመደ ሰው ነው።»

ጋሮምሳ ቀና አለ። ጂቱ እሱ ዱከም እንደነበረ፣ የሑስና ጉልበትም ያንን መሰላል እንደማያስወጣት ተናገረች። ከዚያ ወደ ባጫ ዞረች።

«ባጫን ከዚህ የሚያወጣው ሻዩ ነው። ጋሽ ጃዕፈር ሐሙስ ዕለት ጾመኛ ነበሩ። ከባለቤታቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሐኪሙም ሆዳቸው ውስጥ ጠብታ አላገኘም። ብርጭቆው እንደተቀዳ ነው የተገኘው። ሆኖም አዙሯቸው እንደነበርና ሻይ እንደጠጡ የነገረችን አንዲት ሴት አለች። አዙሯቸው ነበር ማለት የሚጠቅመው፣ ሞታቸው አደጋ መስሎ እንዲታይ ለሚፈልግ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ልዩ ዞሩ። እሷ ከጂቱ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

«የቀረኝ ምክንያቱ ብቻ ነበር» አለች ጂቱ ወደ እሷ ጠጋ ብላ። «ሽልማቱን በልጅሽ ስም አልቀበልም ብለዋል። ረቡዕ ደግሞ ‹እኔ እነግራታለሁ› ብለዋል። ሐሙስ ሻይ ይዘሽላቸው ስትመጪ ነገሩሽ። ሲስተር ልዩ፣ ምን አሉሽ?»

ልዩ ነጠላዋን አስተካከለች። ለመካድ የሞከረች አልመሰለችም። ሻዩን ተቀብለው እንዳስቀመጡት፣ ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው እንደያዙ፣ ከዚያ እንደነገሯት ተናገረች።

«‹የዚያን ቀን ፍርግርጉን የማጽዳት ተራው የኔ ነበር፤ አልሄድኩም› አሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤቴ እየመጡ ጠይቀውኛል። ውሃ ቀድተውልኛል። በዚያው በደግ ድምፃቸው ነው የነገሩኝ። ገፋኋቸው። ይሙቱ ብዬ አይደለም። ይኑሩ ብዬም አይደለም። እጄ ሄደ። ከዚያ ወርጄ ዓይናቸውን ከደንኩ። ክሊኒክ ተመልሼ ሁለት ሕፃናት ከተብኩ።»

ከሜዳው የወንበር መንቀሳቀስ ድምፅ ይሰማል። ጂቱ አንድ ነገር ቀርቷት ነበር፤ እሷ ልትናገረው ግን አልፈለገችም። ወደ በሩ ብቻ ተመለከተች።

ባጫ ተነሳ። ሳጅን ኤባ ክንዱን ሊይዘው ሲል ጂቱ በዓይኗ ከለከለችው።

«ተራው የኔ ነበር» አለ ባጫ። ድምፁ ለመሰማት ያስቸግር ነበር። «እሳቸው አልነበሩም። ኳስ ላይ ነበርኩ። ዝናቡ ሲጀምር ‹ጨዋታው ሲያልቅ እሄዳለሁ› ብዬ ቀረሁ። በማግስቱ ነገርኳቸው። ዘንድሮ ሽልማቱ ሲመጣ አልቻልኩም፣ ልነግርሽ ነበር። አይሆንም አሉኝ። ‹ተራ የማወጣው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የኔ ነው› አሉኝ።»

ልዩ ወደ ወይዘሮ ዙለይካ ዞረች። ጥያቄዋን በአፏ አልጠየቀችም።

«አርሲ ነገሌ ነበር፣ ልጄ» አሉ ሴትየዋ። «ወንድሙን ሊቀብር ሄዶ።»

ልዩ ራሷን ነቀነቀች። የልጇን ሳጥን ከፊት ሆነው የተሸከሙት ሰው ጫማ አቧራ ለብሶ እንደነበር አሁን ታየኝ አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። ከመንገድ የገባ ሰው ጫማ ነበር። ከዚያ ባጫን አየችው፤ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ያኔ ስንት ዓመትህ ነበር?»

«አስራ ስድስት።»

«ልጅ ነበርክ» አለች።

ቦርሳዋን ለሑስና ሰጥታ ወደ ጂቱ ሄደች። ባጫ ባለበት ቆሞ ቀረ፤ ወይዘሮ ዙለይካ ቀርበው ክንዱን ይዘው አስቀመጡት፣ እሳቸውም አጠገቡ ተቀመጡ። ጋሮምሳ ወደ መድረኩ ወጥቶ ለሕዝቡ በዓሉ እንደማይኖር፣ ባጫም ነፃ እንደሆነ ተናገረ። ምክንያቱን ሳይናገር ወረደ። ሰው ጥቂት ጠብቆ፣ የተቀመጠበትን ወንበር አጥፎ እየያዘ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት መመለስ ጀመረ። ድንጋይ የወረወሩት ልጆች የሌሎቹንም ወንበር ተሸከሙ።

ጂቱ ካቴና አላወጣችም። ከልዩ ጋር ከመኪናው ኋላ ተቀመጠች፤ ሳጅን ኤባ ነዳ። የአዳማ መንገድ እሑድ ዕለት እንደሚሆነው ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን የወጡ ቤተሰቦች፣ የባጃጅ ሰልፍ፣ ጥላ ስር የተደረደረ ሐብሐብ። ልዩ በመስኮቱ ስታይ ቆየች።

«ባጫ ራሱ ቢነግረኝ ኖሮ፣ እሱን እገፋው ነበር?» አለች።

ጂቱ ይህን ከቅዳሜ ጀምሮ ስታስበው ነበር።

«ጋሽ ጃዕፈር ልጁን ትገፋዋለች ብለው ፈርተዋል» አለች ልዩ። «ለዚህ ነው ‹እኔ ነኝ› ያሉኝ። በኔና በልጁ መሃል የቆሙት ለዚህ ነው።»

ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ልዩ ማልቀስ ጀመረች። መጀመሪያ ሳል ይመስል ነበር፤ ቀጥሎ ሰውነቷ በሙሉ ታጠፈ። ኤባ ሞተሩን ሊያጠፋ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። ጂቱ ትከሻውን ነካ አደረገችውና አንድ ዙር እንዲዞር ነገረችው።